የወዳደቀ ማግኔት በወሎ ከተሞች፦ ምኑን ከየት እንሰብስብ፣ በምንስ እንለየው?

በደሴና በኮምቦልቻ የጥገና ቤቶች ጓሮ ተጥሎ የሚገኘው ቋሚ ማግኔት አራት ዓይነት ነው። ከአራቱ ውስጥ ብርቅዬ የመሬት ማዕድናት የሚባሉት፣ እንደ ኒዮዲሚየምና ሳማሪየም ያሉት ገዢ የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች የሚገኙት በሁለቱ ብቻ ነው። ይህን ሳይለይ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ለወራት ደክሞ የሞላው ማዳበሪያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዋጋ ያጣበታል፤ እኔ ራሴ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥራ ላይ ሳለሁ ያጠራቀምኩት የመጀመሪያ ክምችት ዕጣው ይኸው ነበር። ከሰባ ኪሎ የሚበልጥ የስፒከር ማግኔት አዲስ አበባ ድረስ ባደርስ፣ ገዢው አንዱን ፍሬ በመዶሻ ሰብሮ ጥቁሩን ስብራት አሳየኝና «ወንድሜ፣ ይሄ ፌራይት ነው» ብሎ መለሰኝ። የመኪናው ኪራይም የእኔ ዕዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የአሰባሰብ መንገድ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሳጥኑ ሲሞላ በውስጡ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል ወይ? ንጹሕ የሆነ አምስት ኪሎ ከተደባለቀ ሃምሳ ኪሎ ይሻላል።

አራቱን ዓይነቶች ስለ ማወቅ

ፌራይት ከብረት ኦክሳይድና ከስትሮንሺየም ወይም ከባሪየም ተደባልቆ እንደ ሸክላ በእሳት የሚተኮስ ማግኔት ነው። ርካሽ በመሆኑና ስለማይዝግ በየቤቱ የሚገኘው ማግኔት አብዛኛው እርሱ ነው። አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት የሚሠራ የድሮ ማግኔት ሲሆን፣ በአሮጌ ራዲዮ ስፒከሮችና ክብ ሳህን በሚሽከረከርባቸው የቀድሞ የመብራት ቆጣሪዎች ውስጥ ይገኛል። ብርቅዬ ማዕድን ባይኖረውም ኮባልቱና ኒኬሉ ዋጋ ስላላቸው ለብቻው ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ቆጣሪ ግን የመብራት አገልግሎቱ ንብረት ስለሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ ቆጣሪ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ይገባል።

ሦስተኛው ሳማሪየም ኮባልት ነው። ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችል በአውሮፕላን ክፍሎች፣ በወታደራዊ መሣሪያዎችና በልዩ ሞተሮች ውስጥ ይገባል፤ በእኛ አካባቢ እምብዛም አይገጥምም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ጦርነቱ በወሎ ምድር ካለፈ በኋላ በየማሳውና በየሸለቆው የቀረ ወታደራዊ ቁርጥራጭ አለ። ማግኔት ይኖርበታል ተብሎ እንዲህ ያለ ዕቃ መንካት፣ መፍታትም ሆነ ከልጆች እጅ መግዛት ፈጽሞ አይገባም፤ ያለበትን ቦታ ለፖሊስ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚሻለው።

አራተኛውና የዚህ ሥራ ዋና ዒላማ የሆነው ኒዮዲሚየም፣ ብረትና ቦሮን የተዋሐዱበት ማግኔት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋ በሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ፣ አሜሪካዊው ጆን ክሮት ደግሞ በጄኔራል ሞተርስ በየፊናቸው የደረሱበት ሲሆን፣ በገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ጉልበተኛው ማግኔት ነው። ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ብርቅዬ ማዕድን፣ 1 በመቶ ገደማ ቦሮን፣ የቀረው በአብዛኛው ብረት ነው። ሙቀት በሚበዛባቸው ሞተሮች ውስጥ የሚገባው ዲስፕሮሲየም ወይም ተርቢየም ስለሚጨመርበት ይበልጥ ይፈለጋል። የዓለም ማግኔት ምርት አብዛኛው በቻይና እጅ ነው፤ ቻይናም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ሳማሪየምን፣ ዲስፕሮሲየምንና ተርቢየምን ጨምሮ በሰባት ብርቅዬ ማዕድናትና ከእነርሱ በሚሠሩ ማግኔቶች የወጪ ንግድ ላይ የፈቃድ ቁጥጥር ካደረገች ወዲህ፣ ያገለገለ ማግኔት የሚፈልጉ ፋብሪካዎች ትኩረት ጨምሯል።

ከየትኛው ዕቃ ይጀመር?

እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ነው። ምክንያቱም በሃርድ ዲስክ የንባብ ክንድ ሥር ያለው ማግኔት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኒዮዲሚየም ነው፤ የመለየቱ ሥራ ገና ዕቃው ሲገዛ ያልቃል። ከትልቁ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 20 ግራም የሚደርስ ማግኔት ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል፤ በዚያ አንድ ኪሎ ውስጥም 300 ግራም ያህል ብርቅዬ ማዕድን አለ። ከላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚወጣው ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜው ለተጣበበ ሰው ትልልቁን ማስቀደም ያዋጣል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ማከማቻ ግን ማግኔት የለውም። መሥሪያ ቤቶች ወደ እርሱ እየዞሩ በመሆናቸው የሃርድ ዲስክ አወጋገድ አሁን በርክቶ ኋላ መመናመኑ አይቀርም፤ ይህን ሥራ ያሰበ ሰው ባይዘገይ መልካም ነው።

አፈታቱን ቀረብ ብለን እንየው። ክዳኑ ኮከብ ራስ ባላቸው ብሎኖች የታሰረ ስለሆነ ቲ-6 እና ቲ-8 ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ብሎኖቹ ሁሉ ተፈትተው ክዳኑ እምቢ ካለ፣ አንድ ብሎን ከወረቀት መለያው ሥር ተደብቋል ማለት ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ወረቀቱ ሰርጎድ የሚልበት ቦታ ይገኛል። ክዳኑ ሲነሣ በክንዱ ጥግ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ወፍራም የብረት ሳህኖች አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቀው ይታያሉ። የላይኛው የሚነሣው በጣት ሳይሆን በካቻቢቴ ከጎን ተፈንቅሎ ነው፤ ጣት መካከል ከገባ ቆዳ ይቆነጥጣል። እንደ መስተዋት የሚያበራው የኒኬል ሽፋን ያለው ማግኔት በማስቲሽ ከሳህኑ ጋር ተያይዟል። ሳህኑን በሞርሳ አስሮ ጫፉን በፒንሳ ትንሽ ማጠፍ ማስቲሹን ይሰነጥቀዋል፤ ማግኔቱም ሳይሰበር ይላቀቃል። በመሮና በመዶሻ የሚፈልጠው ሰው ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ይላጣል፣ ስንጥሩም ወደ ዓይን ይረጫል። መነጽር ሳያደርጉ ወደዚህ ሥራ መግባት አይገባም።

ከሃርድ ዲስክ ቀጥሎ የሚነጻጸረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እዚህ ጋር ግን ስሕተት ይበዛል። የወፍጮ ቤት ትልቅ ሞተር ክብደቱ ቢያስጎመጅም በአብዛኛው ቋሚ ማግኔት የለውም፤ የሚፈለገው ለመዳቡ ነው። የተለመደው የማቀዝቀዣ ኮምፕረሰርም እንዲሁ ነው። የመኪና ሞተሪኖ፣ የዝናብ መጥረጊያና የመስኮት ሞተር ማግኔት ሲኖራቸው በአብዛኛው ፌራይት ነው፤ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ዲናሞ ቮላኖም እንዲሁ። ኒዮዲሚየም የሚገኘው ብሩሽ በሌላቸው አዳዲስ ሞተሮች ውስጥ ነው። ከኤሌክትሪክ ብስክሌት ጎማ ሞተር ጥቂት መቶ ግራም፣ ከኤሌክትሪክ መኪና መንጃ ሞተር ደግሞ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይወጣል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በደሴ ዳገት ሳይቀር መታየት ጀምረዋል። ዛሬ ገና አዲስ ስለሆኑ ሞተራቸው ከጥራጊ ገበያ አልደረሰም፤ ሲደርስ ግን ከሃርድ ዲስክ የላቀ ምንጭ ይሆናል። የመኪናው ባትሪ በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ግን ያልሠለጠነ ሰው ሊነካው አይገባም።

ስፒከር በሁለት ይከፈላል። በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ያለው የቀንድ ድምፅ ማጉያ፣ የመኪናና የቴፕ ስፒከር በአብዛኛው ፌራይት ነው። የሞባይልና የጆሮ ማዳመጫ ስፒከር ደግሞ ኒዮዲሚየም ቢሆንም መጠኑ ከግራም የማይዘልቅ ስለሆነ፣ ሞባይል ጠጋኞች በየቀኑ የሚጥሉትን በአንድ ጠርሙስ እንዲያጠራቅሙ ማስለመድ እንጂ አንድ በአንድ እየፈቱ መልቀም አያዋጣም። ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁለት የፌራይት ቀለበቶች ብቻ አሉት፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ከሶኬት ተነቅሎም ገዳይ ቮልት ሊይዝ ስለሚችልና አንዳንዱ መከላከያ ሸክላው ሲፈጭ መርዛማ አቧራ ስላለው፣ ለማግኔት ብሎ መፍታት ትርፍ የለውም።

ከማን ይሰበሰብ?

ቆራሌው፣ ጥገና ቤትና መሥሪያ ቤት ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው። ቆራሌው ከሐይቅ እስከ ከሚሴ፣ ሰኞ ደግሞ ከባቲ ገበያ የሚያገኘውን ሁሉ ያመጣል፤ ነገር ግን ዕቃው የተደባለቀና ብዙ ጊዜም የተቀጠቀጠ ነው። ከቆራሌው ጋር ለመሥራት የመረጠ ሰው አንድ የተፈታ ሃርድ ዲስክ እያሳየ «ይህን ሳትሰብር አምጣልኝ» ብሎ ቢስማማና በፍሬ እንጂ በኪሎ ባይገዛው ይሻላል። በኪሎ ከተገዛ የአሉሚኒየሙ ሳጥን ክብደት ከማግኔቱ ጋር ይከፈልበታል።

ጥገና ቤት ዕቃውን አስቀድሞ ይለያል፤ ባለሙያው የትኛው ሃርድ ዲስክ እንደሞተ ያውቃል። መጠኑ ግን ትንሽና የተቆራረጠ ነው። በመጠን የሚበልጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮሌጆች፣ ባንኮችና ጽሕፈት ቤቶች ንብረት ሲያስወግዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ኮምፒውተር ይወጣል። ጨረታውና ደብዳቤው ረጅም መሆኑ እርግጥ ነው፤ ቢሆንም አንድ ነገር በጥንቃቄ ለሚይዝ ሰው በሩ ይከፈታል፤ ይኸውም በዲስኮቹ ላይ ያለው መረጃ ነው። ማግኔቱን ማውጣት መረጃውን አያጠፋም፤ መረጃው የሚቀመጠው በሚያብረቀርቁት ክብ ሳህኖች ላይ ነው። ሳህኖቹ በሕጋዊ ተወካያቸው ፊት ተቆጥረው፣ ተሰባብረው ወይም ተበስተው፣ የፊርማ ሰነድ ቢሰጣቸው ኃላፊዎቹ የሚሰጉበት ነገር አይኖርም። እኔ ይህን ሰነድ ይዤ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ የምሰማው «አይሆንም» ቀንሷል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 መኖሩንም ማወቅ ይገባል፤ በስፋት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ዕቃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ስለ ፈቃዱ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮን ይጠይቅ።

ምንጩ ያልታወቀ ማግኔት ሲገጥም

በዓይን መለየት የመጀመሪያው ነው፤ ጥቁር ግራጫ፣ ሽፋን የሌለው፣ ስብራቱ እንደ ጀበና ገል የሚመስል ከሆነ ፌራይት ነው። ዓይን የሚያታልለው ኒዮዲሚየሙ ጥቁር የኢፖክሲ ቀለም ሲቀባ ነው። ያኔ የኤሌክትሪክ ቴስተር ይረዳል። ፌራይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሌሎቹ ሦስቱ ብረታ ብረት ስለሆኑ ያስተላልፋሉ። ቀለሙን በትንሹ ፍቆ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ማሳረፍ ነው፤ መርፌው ወይም ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ፌራይት ሳጥን ይገባል። ጥቁር ሆኖ በሙጫ የተጋገረ የኒዮዲሚየም ዱቄት ግን ሊያስት ስለሚችል፣ የሃርድ ዲስክ መሽከርከሪያ ሞተር ውስጥ ያለውን ስስ ቀለበትና መሰሎቹን በሌላ ሳጥን ማኖር ያስፈልጋል፤ እነዚህን መልሶ የማምረቱ መንገድም የተለየ ነው።

ሦስተኛው መንገድ እፍጋትን መለካት ነው፤ በእኔ ዘንድ ለዋጋው ከሁሉ የሚያስተማምነው እርሱ ነው። አንድ ሚዛንና ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ቀጭን የመለኪያ ጠርሙስ ይበቃል። ማግኔቱን መዝኖ፣ ውሃ ውስጥ ጨምሮ፣ ውሃው ስንት ሚሊ ሊትር ከፍ እንዳለ ማየትና ክብደቱን በዚያ ማካፈል ነው። ፌራይት 5 ገደማ፣ ኒዮዲሚየም 7.5 ገደማ፣ ሳማሪየም ኮባልት ከ8 በላይ ይሰጣል። ለምሳሌ 45 ግራም የሚመዝነው ፍሬ ውሃውን 9 ሚሊ ሊትር ካነሣው ፌራይት ነው፤ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ካነሣው ኒዮዲሚየም ነው። አልኒኮ 7 አካባቢ ስለሚወድቅ ከኒዮዲሚየም ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ እዚያ ላይ ጉልበቱና ቅርጹ ይፈርዳሉ፤ አልኒኮ ረዘም ያለ ዘንግ ወይም የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዞ ጉልበቱ ደከም ያለ ነው። ማግኔት በቀጥታ በሚዛን ላይ ከተቀመጠ የሚዛኑን ብረት እየሳበ ቁጥሩን ስለሚያበላሽ፣ መጀመሪያ ባዶ የፕላስቲክ ጣሳ ገልብጦ ሚዛኑን ዜሮ ማድረግና ማግኔቱን በጣሳው ራስ ላይ ማኖር ይገባል።

በእጅ የሚያዘው የኤክስ ሬይ መመርመሪያ ዲስፕሮሲየሙን ሳይቀር ይናገራል፤ ዋጋው ግን ለአንድ ወርክሾፕ የማይቀመስ ነው። ከጥቂት ኪሎ በታች ላለው ክምችት እርሱን መመኘት አያስፈልግም፤ ቴስተሩንና የእፍጋት ልኬቱን ማጣመር ይበቃል።

ማግኔትነቱን ማጥፋት ወይስ መተው?

ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ310 እስከ 340 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ አንዳንዶች በከሰል ምድጃ ላይ ምጣድ ጥደው ያሞቁታል፤ ማስቲሹም አብሮ ስለሚላቀቅ ሥራው ይፈጥናል። እኔ አልመክረውም። የማስቲሹና የኢፖክሲው ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ ሙቀቱ ስለማይስተካከልም አንዱ ይቃጠላል፣ ሌላው ማግኔት እንደሆነ ይቀራል። ከዚህም በላይ የገዢውን ምርጫ ያጠባል። በብሪታኒያ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ዓይነት የሃይድሮጅን ዘዴ ማግኔቱን በሃይድሮጅን ጋዝ አሳብጦ ወደ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ዱቄቱም እንደገና ማግኔት ይሆናል። ይህ ዘዴ ያልዛገና ያልተቃጠለ ዕቃ ይወዳል። በአሲድ አሟሙቶ ማዕድናቱን አንድ በአንድ የሚለየው ዘዴ ግን የተቃጠለውንም የዛገውንም ይቀበላል፤ ኬሚካሉ ብዙ በመሆኑ በየጓሮው የሚሞከር ሥራ አይደለም። ያልሞቀ ማግኔት ለሁለቱም ይሸጣል፤ የሞቀው ለአንዱ ብቻ።

መፍጨትና በዲስክ መቁረጥ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔት ዱቄት በአየር ላይ ራሱን አቀጣጥሎ ሊነድድ ይችላል። አዋህዶ ለብረት ማቅለጫ መሸጥም እንዲሁ ኪሳራ ነው፤ ብርቅዬው ማዕድን ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከዝቃጩ ጋር ይወጣና ይጠፋል።

ከብረት ሳህኑ ጋር ወይስ ያለ ሳህኑ ይሸጥ ለሚለው መልሱ እንደ መንገዱ ይለያል። ሳህኑ ከማግኔቱ ስለሚከብድ ዕቃውን በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ለሚልክ ሰው መለየቱ ኪራይ ይቆጥባል፤ ሳህኑም በብረት ዋጋ እዚሁ ይሸጣል። በአንጻሩ ሳህኑ የማግኔቱን መስክ (ጉልበቱ የሚደርስበትን ዙሪያ) በውስጡ ስለሚይዝ አያያዙን ቀላል ያደርገዋል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ለመላክ ያሰበ ሰው ይጠንቀቅ፤ ከ4.6 ሜትር ርቀት ላይ መስኩ ከ0.00525 ጋውስ (የማግኔት መስክ መለኪያ) የሚበልጥ ጥቅል በአውሮፕላን መጫን የተከለከለ ነው። ወደ ውጭ አገር በመርከብ ለሚላከውም፣ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት ባደረገው ማሻሻያ መሠረት ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሁሉ የተቀባዩን አገር ቅድመ ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ለአነስተኛ ሰብሳቢ ፈቃድ ላለው የአገር ውስጥ ድርጅት መሸጥ ከራስ መላክ ይሻላል።

የት ይቀመጥ?

ደሴ ላይ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ይገባል። ሽፋኑ የተላጠ ኒዮዲሚየም ማግኔት በእርጥበት እንደ አሮጌ ጨው ድንጋይ እየፈረሰ ግራጫ ዱቄት ይሆናል፤ አንድ ክረምት ክዳን በሌለው ጣሳ ያስቀመጥኩት ሁለት ኪሎ ያህል እጄ ላይ እንዲህ ፈርሷል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስና ሞቃት በመሆኗ፣ ደረቅ ወደቡም እዚያው ስላለ፣ ለረጅም ጊዜ ክምችት ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። ደሴ የሚያስቀምጥ ሰው በጥብቅ ክዳን የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ይጠቀም፤ ከአዲስ ጫማ ሳጥን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችም ይጨምርበት። ማግኔቶቹ በቀጭን ጣውላ ተለያይተው ይደርደሩ፤ ያለዚያ አንዱ በሌላው ላይ ተወርውሮ ይሰበራል።

ሕፃናት በሚገቡበት ቤት ሳጥኑ በቁልፍ ይዘጋ። ሁለት ፍሬ የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተቆንጥጦ ሊበሳ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ልብ የሚያግዝ መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም ወደ ክምችቱ አይጠጋ። በሳጥኑ ላይ የማግኔቱ ዓይነት፣ የወጣበት ዕቃ፣ ክብደቱና የተሞላበት ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ «ሃርድ ዲስክ፣ ሳህን የሌለው፣ ያልሞቀ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሳጥን ገዢው አንድ ሁለት ፍሬ አንሥቶ አይቶ ይመዝነዋል።